መብራት ሄዶ ሲመጣ ድረ ገጻችሁ ለምን ይጠፋል?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ከሐዋሳም ከአካባቢውም የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁን አንድ ነገር ነው። መብራት ሄዶ መጣ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ዋይፋዩም ይሠራል፣ ድረ ገጹ ግን የለም። ሐይቁ ዳር ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት ደንበኛችን ገጻቸው ዓርብ ማታ እንደጠፋ እስከ ሰኞ አልተመለሰም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እንግዳ የሚበዛበት ጊዜ ነው። በጣም አዝነናል። በስልክ ቁርጥራጭ ከማስረዳት ነገሩን ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል ብለን ነው ይህን ደብዳቤ ያዘጋጀነው።

ገጹ አልጠፋም። ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ነው። የተቀየረው አድራሻው ነው።

ስልካችሁ ላይ የሰው ስም ነክታችሁ ትደውላላችሁ እንጂ ቁጥሩን በቃላችሁ አትይዙትም። የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው የድረ ገጻችሁን ስም ሲጽፍ ስልኩ መጀመሪያ የስሙን አይፒ ቁጥር፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻውን፣ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል። ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘው መስመር ኤ ሬከርድ ይባላል። ለቤት ኢንተርኔት የሚሰጠው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ቋሚ አይደለም። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሌላ ቁጥር ሊደርሰው ይችላል፣ ኤ ሬከርዱ ላይ ያለው ግን የድሮው ነው። ተከራዩ ቤት ቀይሯል፣ እንግዳው የድሮውን በር ያንኳኳል።

ለዚህ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚባል ነገር አለ። ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው የቤቱን ቁጥር ያያል፣ ተቀይሮ ካገኘው ኤ ሬከርዱን ራሱ ያስተካክላል። አብሮ መታየት ያለበት ቲቲኤል ነው። ሌሎች ያገኙትን መልስ ስንት ሰከንድ ይዘው እንደሚቆዩ የሚወስነው እሱ ነው። የፔንሲዮኑ ላይ 86400 ተሞልቶ አገኘነው፣ ሙሉ አንድ ቀን ማለት ነው፣ ስለዚህ እሑድ ቁጥሩን ካስተካከልንላቸው በኋላ እንኳ ቀደም ብሎ ገጹን የሞከረ ሰው የድሮውን ቁጥር ይዞ ቀርቶ ነበር። አሁን 300 አድርገነዋል፣ አምስት ደቂቃ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ማጣሪያ አለ። ወደ ራውተራችሁ ማስተካከያ ገጽ ገብታችሁ ዋን (WAN፣ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር) ከሚለው ቦታ ያለውን ቁጥር እዩ፣ ከዚያ ጉግል ላይ «what is my ip» ብላችሁ ከሚመጣው ጋር አስተያዩት። ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ በ«10.» ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ የውጭውን ቁጥር ከብዙ ቤቶች ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው። አሥር ተከራይ ያለበት አንድ ግቢ አስቡ፤ እንግዳው የውጭ በሩ ድረስ ይመጣል፣ የማን እንግዳ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እዚህ ላይ ኤ ሬከርድ ብትቀያይሩ፣ ፖርት (ራውተሩ ላይ ያለ ቁጥር የተሰጠው መግቢያ) ብትከፍቱ ለውጥ የለውም። የሚሠራው ታነል ነው። የእናንተ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ክላውድፍሌር ካለ አገልግሎት ጋር መስመር ይዘረጋል፣ ጎብኚው በዚያ መስመር ይገባል።

የራሳችሁ ቁጥር ካላችሁ 80 እና 443 ፖርቶችን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ አዙሩ። የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ለውጭ ሰው በፍጹም አትክፈቱ። ደግሞ ስትሞክሩ የቤታችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩ፤ አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ሆናችሁ የራሳችሁን ስም ስትጠሩ አይመልስላችሁም፣ ገጹ ግን ለውጭ ሰው በደንብ ይሠራል።

ኔም ሰርቨር (እንደ ኤ ሬከርድ ያሉትን የስማችሁን መስመሮች የሚይዘውን ሰርቨር) የምትቀይሩ ከሆነ ኢሜይላችሁ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረውን ኤምኤክስ የሚለውን መስመር ሳትገለብጡ እንዳትቀይሩ፣ አለዚያ ኢሜይላችሁ ይቆማል። ለውጡ በሁሉም ቦታ እስኪደርስ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዓርብ አትጀምሩት፣ ሰኞ ጀምሩት።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበን ነገር። ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጻችሁ ስም፣ በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? አቶቴ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሠሩ ደንበኛችን ስሙን ታፔላቸው ላይ አጽፈዋል፣ ቢዝነስ ካርድም አሳትመዋል። የመዘገበላቸው ልጅ ግን በራሱ ኢሜይል ነበር የመዘገበው፣ ከዚያ ሥራ ለቀቀ። የእድሳት ማስታወሻው ወደ እሱ ሲሄድ ማንም አላየውም። ስሙ ጊዜው አለፈ። ያን ስም ለማስመለስ ስንት እንደተንከራተቱ እኛ እናውቃለን። እባካችሁ ዛሬውኑ አጣሩ፤ ኢሜይሉም ፓስወርዱም በእጃችሁ ይሁን። እኛ የመዘገብንላችሁም ካላችሁ መጥታችሁ ወደ ስማችሁ አዛውሩት፣ ምንም አናስከፍልም።

ቅዳሜ እስከ ማታ ቢሮ አለን። ራውተሩን ነቅላችሁ አታምጡ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍና የዋኑን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ኑ።