ግልጽ ደብዳቤ፦ ከድሬዳዋ ወደ ባሕር ለሚወርዱ ወጣት መካኒኮች

ለድሬዳዋ አስተዳደር
የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ለሚመራው ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የባሕር ናፍጣ ሞተር አፍተርኩለር (የተጨመቀ አየር ማቀዝቀዣ) የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ጥገና በተግባር ሥልጠና እንዲካተት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ድሬዳዋ የመካኒክ አገር ናት። እኔም ሙያውን የተማርኩት እዚሁ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በመርከብ የሞተር ክፍል ለዓመታት አገልግዬ ዛሬ ከዚራ በሚገኝ ጋራዥ እሠራለሁ። በእጃችን ከሚያልፉ ልጆች መካከል ጅቡቲ ወርደው በመርከብ ላይ ሥራ ለመቀጠር የሚያስቡ አሉ፤ ሞተር መፍታትና መግጠም ጎበዝ ሆነው ሳለ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ምን እንደምትሠራ ሳያውቁ መሄዳቸው ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ተርቦ (የአየር መጭመቂያ) ያለው ናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል። የተጨመቀ አየር ስለሚግል በመንገዱ ላይ አፍተርኩለር ይገጠምለታል፤ በባሕር ሞተር ላይ ደግሞ ይህን ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ የሚያቀዘቅዘው በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፍ የባሕር ውሃ ነው። ከማቀዝቀዣው ግርጌ ያለችው ማስወጫ ቫልቭ ሁለት ዓይነት ውሃ ታስወግዳለች፦ ከአየሩ እርጥበት የሚጠራቀመውንና ቱቦ ሲበሳ የሚገባውን የባሕር ውሃ።

ልጆቻችን ይህን የማያውቁት ስለሰነፉ አይደለም፤ እዚህ ስለማያዩት ነው። 35 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ያለው የባሕር ዳርቻ አየር ተጨምቆ ጠቅላላ ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ፣ ከ52 ዲግሪ ገደማ በታች እንደቀዘቀዘ ውሃ ማውጣት ይጀምራል። አፍተርኩለሩ እስከ 45 ዲግሪ ካቀዘቀዘው ከእያንዳንዱ ኪሎ አየር 8 ግራም ተኩል ያህል ውሃ ይለያል፤ በሰዓት 3,000 ኪሎ አየር በሚስብ ሞተር ላይ ይህ በሰዓት 25 ሊትር ገደማ ይሆናል። በእኛ ደረቅ አየር ግን በዚያው 35 ዲግሪ እርጥበቱ 25 በመቶ ቢሆን፣ ውሃ የሚወጣው አየሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲወርድ ስለሆነ በ45 ዲግሪ አንዲት ጠብታ አትታይም። እዚህ የሠለጠነ ልጅ ማስወጫውን ሁልጊዜ ደረቅ አድርጎ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ባሕር ላይ ተደፍኖ ደረቅ ሲሆንም ጤነኛ ይመስለዋል።

እኔ ራሴ በዚህ ተሳስቻለሁ። ረዳት በነበርኩበት መርከብ ላይ የአንዱ ሞተር ማስወጫ ቫልቭ አየር እያፏጨ አስቸገረን። ይህች ቫልቭ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ክፍት ሆና ውሃውን የምታፈስ፣ ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ደግሞ በአየሩ ግፊት ራሷን የምትዘጋ ዓይነት ነበረች፤ ፉጨቱም መቀመጫዋ ላይ የዘይት ጭቃ እንደተጋገረ ይነግረን ነበር። ፈትቼ ማጠብ ሲገባኝ፣ ታዝዤ የእንጨት ውታፍ መታሁበት። ከቀናት በኋላ አንድ ቱቦ ተበሳ፤ ሌሊቱን የገባው የባሕር ውሃ መውጫ አጥቶ በተከፈተ የመሳቢያ ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገባ። ጠዋት ሞተሩን ስናስነሳ አንድ ከባድ ድምፅ ሰማን፤ ውሃ እንደ አየር አይጨመቅምና ቤላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክ ዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ ተጣመመ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ ይፈታል፣ የተጋገረው ጭቃ በናፍጣና በብሩሽ ይታጠባል፣ መውጫውን የምትዘጋው ኳስና መቀመጫዋ ይታያሉ፣ ጋስኬቱ ይቀየራል። የማስወጫው ቱቦ ሽቅብ መታጠፍ የለበትም፤ ጫፉም የሚፈሰው ውሃ በዓይን በሚታይበት ቦታ መሆን አለበት። የወጣው ውሃ መጠን በመዝገብ ይጻፋል፣ ዓይነቱም ይመረመራል፤ የብር ናይትሬት ጠብታ ሲጨመርበት ነጭ ደመና ከሠራ የባሕር ውሃ ገብቷል ማለት ነውና ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማቀዝቀዣው ተፈትቶ ቱቦዎቹ በግፊት መፈተሽ አለባቸው። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተርም ከመነሳቱ አስቀድሞ የሲሊንደሮቹ መፈተሻ ቧንቧዎች ተከፍተው ቀስ ብሎ በእጅ መዞር ይኖርበታል። በትልልቅ የመርከብ ሞተሮች ላይ ማስወጫው ሞተሩ እየሠራም ያለማቋረጥ ያፈሳል፤ በእነዚህ ላይ ፍሰቱ ድንገት ከቆመ መጠርጠር ያለበት መደፈኑ ነው።

ሥርዓተ ትምህርት መቀየር ጊዜ እንደሚወስድ እረዳለሁ። የምለምናችሁ ግን ከዚያ ያነሰ ነው፦ ናፍጣ ሞተር ለሚማሩ ሠልጣኞች ሁለት የተግባር ቀን ይመደብላቸው፤ ባሕር ላይ የሠራ ሰውም ያሳያቸው። ቫልቩን ሆን ብሎ በጭቃ ደፍኖ፣ ውሃ ሞልቶ፣ «ምን ታያለህ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ እንደሚያስተምር በጋራዣችን ልጆች ላይ አይቻለሁ።

ለዚሁ የሚሆን አሮጌ አፍተርኩለር ከነቫልቩ ጋራዣችን ውስጥ ተቀምጧል። ያለ ክፍያ ለማስተማር ፈቃደኛ ነኝ፤ በምትወስኑት ቀንና ቦታ ይዤው እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የናፍጣ ሞተር መካኒክ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ