ያላልኩትን አልክ ብላችሁ ስለዘጋችሁት ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የሩጫ ቲሸርቱ ሽታና የተዘጋው ቅሬታዬ

ጤና ይስጥልኝ።

የቅሬታ ቁጥሬም ፎቶዎቹም እጃችሁ ላይ ስላሉ ታሪኩን ከሥሩ አልጀምርም። ይህን የምጽፈው ትናንት የላካችሁልኝን መልእክት አንብቤ ነው። «ደንበኛው የልብስ ማለስለሻ በመጠቀማቸው ዋስትናው አይሠራም። ጉዳዩ ተዘግቷል» ይላል። እኔ ማለስለሻ ተጠቅሜ አላውቅም። ማለስለሻን ያነሳው የእናንተው ሠራተኛ ነው።

ስልክ ስንደውል «ንግግርዎ ይቀዳል» ትላላችሁ፤ እባካችሁ ቅጂውን አውጥታችሁ ስሙት። ያልኩት እንዲህ ነበር፦ ቲሸርቱ ታጥቦ ሲደርቅ ምንም አይሸትም። ለብሼው ሰውነቴ ሞቅ ማለት ሲጀምር ግን፣ ገና ላብ ጠብ ሳይል፣ ብብቱ ላይ ያው የከረመ ሽታ ይነሳል። ሠራተኛው ትንሽ ዝም አለና «ምናልባት የእርስዎ ላብ ከባድ ይሆናል» አለኝ። የጥጥ ልብሶቼ እንዲህ አይሆኑም አልኩት። «እንግዲያው መዓዛ ያለው ማለስለሻ ይጨምሩበት፣ ይጠፋል» አለ። የቲሸርቱ አንገት ላይ «ማለስለሻ አይጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ እንዳለ አነበብኩለት። ሳቀ። «እሱ እንዲያው ለጥንቃቄ ነው» አለኝ። ከዚያ ኃላፊው ሰኞ እንደሚደውሉልኝ ቃል ገብቶ ስልኩን ዘጋ።

ሰኞ ስልኬን ይዤ ዋልኩ። ማንም አልደወለም። በደወሉ ፈንታ የሠራተኛው የራሱ ምክር በእኔ ስም ተመዝግቦ፣ ዋስትናዬን መከልከያ ሆኖ መጣ። ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ያ አንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ለምን እንደተጻፈ ልብሱን የሚሸጥ ሰው ሊያውቅ ይገባል። ቲሸርቱ የተሠራበት ሰው ሠራሽ ክር፣ ፖሊስተር፣ ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል፤ በተለመደ አየር የሚይዘው እርጥበት ከክብደቱ 0.4 በመቶ ገደማ ነው። ጥጥ 8 በመቶ አካባቢ ይይዛል። ላቡን ከቆዳ የሚያነሳው በክሮቹ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ነው። ላቡ በዚያ ተስቦ ወደ ውጭኛው ገጽ ይወጣል፣ ይሰራጫል፣ ይተናል። ማለስለሻ ክሩ ላይ ቅባት መሰል ሽፋን ይተዋል። ያኔ ላቡ መሄጃ ያጣል። ምክሩን ብሰማ ኖሮ ሽታውን በሽቶ ሸፍኜ ልብሱን ከነጭራሹ ከሥራ ውጭ አደርገው ነበር።

«ላብዎ ከባድ ነው» መባሉንም ዝም ብዬ አላልፍም። ላብ ከሰውነት ሲወጣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። የሚሸተው ቆዳና ልብስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ላቡንና ቅባቱን ሲሰባብሩት ነው። ፖሊስተር ደግሞ ከውሃ ይልቅ ከቅባት ጋር ይስማማል። የሰውነት ቅባት ይዞ ይቀራል፤ እጥበት በቀላሉ አያስለቅቀውም። ሙቀት ሲያገኝ የተያዘው ሽታ ይለቀቃል። የነገርኳችሁ ይህንኑ ነው። የማንም ሰው ገላ እዚህ ውስጥ አይገባም።

እናንተም ችግሩን ታውቁታላችሁ። ልብሱን «በብር አዮን የታከመ፣ እስከ 50 እጥበት ሽታ የማይዝ» ብላችሁ የሸጣችሁት ለዚህ ነው። የብር አዮን፣ ማለትም ከብር ማዕድን የሚወጣው ጥቃቅን ቅንጣት፣ ባክቴሪያን እንደሚጎዳ አልክድም። ግን ጨርቁ ላይ ከላይ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ በየእጥበቱ እየለቀቀ ይሄዳል። ክሩ ሲሠራ አብሮ ከገባ ይሰነብታል። የእናንተ የትኛው ነው? ደጋግሜ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። የእኔ ቲሸርት የጻፋችሁትን ቁጥር ሩቡን እንኳ ሳይታጠብ ነው መሽተት የጀመረው።

ካነሳሁ አይቀር፣ መጀመሪያ የላካችሁት መጠኑ የተሳሳተ ነበር፤ የመመለሻውን ሂሳብ እኔው ከፈልኩ። የትከሻው ስፌት ሲተረተርም «እናጣራለን» ብላችሁ በዚያው ቀረ። ያኔ ልለፈው ብዬ ዝም አልኩ። ቅሬታዬን በዘጋችሁ ማግስት «አገልግሎታችንን ስንት ኮከብ ይሰጡታል?» የሚል መጠይቅ ሲመጣ ግን ትዕግስቴ አለቀ።

በፊት የጠየቅኩት ቅያሪ ነበር። አሁን ቅያሪ አልፈልግም፤ ያው ጨርቅ ነው የሚመጣው። ገንዘቤ ከነመላኪያው ይመለስልኝ። መዝገቡ ላይ ማለስለሻ ተጠቅሟል የሚለው ይሰረዝና መሰረዙ በጽሑፍ ይነገረኝ። የብር አዮኑ ከላይ የተለጠፈ ይሁን ከክሩ ጋር የተሠራ፣ በጽሑፍ ይመለስልኝ። ይደውላሉ የተባሉት ኃላፊም ራሳቸው ይደውሉ፤ ሌላ ሠራተኛ ወክለው እንዳያስደውሉብኝ።

እስከሚመጣው ዓርብ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ቲሸርቱን፣ ማሸጊያውንና የላካችሁትን መልእክት ይዤ ወደ ሸማቾች ጥበቃ እሄዳለሁ፤ የስልክ ንግግሩ ቅጂ እንዲቀርብም እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ