ጀማን በጠርሙስ፦ ለሰሜን ሸዋ ልጆች የድጋፍ ጥሪ

ሰላም የአገር ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም፣ ዛሬ የመጣነው ብር ለመጠየቅ ነው።

የጀማን ወንዝ ዓሦች ልናጠና ተነስተናል። መረብ አንይዝም፣ ጠርሙስ እንጂ። ዓሣ ሲዋኝ ከቆዳው፣ ከሚያንሸራትተው ልጋጉ፣ ከሰገራው ትንሽ ትንሽ ነገር ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ እዚያ ውስጥ የዘር መለያው፣ ዲኤንኤው፣ አለ። ውሃውን ቀድተን በቀጭን ማጣሪያ እናሳልፋለን፤ ማጣሪያው ላይ የቀረውን ላብራቶሪ ያነበውና «በዚህ በኩል አምባዛ አለ» ይለናል።

ነገሩን የተማርነው ከሻርክ ጥናት ነው። (አትሳቁ፣ ጀማ ውስጥ ሻርክ የለም።) ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ኒው ካሌዶንያ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ሻርክ ፍለጋ ጠላቂዎች 2,758 ጊዜ ቆጥረዋል፣ ማባበያ የታሰረባቸው ካሜራዎችም 385 ጊዜ ባሕር ውስጥ ገብተዋል። በኋላ 22 የውሃ ናሙና ብቻ ተወሰደና 13 ዓይነት ሻርክ ተገኘ፤ ይህ ከጠላቂዎቹም ከካሜራዎቹም በ44 በመቶ ይበልጣል። ጥናቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ሰው በበዛበት አካባቢ፣ እዚያ ታይተው የማያውቁ የሻርክ ዓይነቶች ሳይቀሩ መኖራቸው መታወቁ ነው። መኖሩን ያላወቁትን ነገር እንዴት ይጠብቁታል?

የእኛን ወንዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብርብራ ወቅጠው ሲጨምሩበት ትልቅ ትንሽ ሳይል ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ልጅ ሆነን አይተናል። በረሳም የደብረ ብርሃንን ቆሻሻ እየተሸከመ ወደዚያው ይወርዳል። አሁን ምን ተረፈ? ማን ያውቃል!

ውሃ ስለሚፈስ ዲኤንኤው ከላይ ተጠርጎ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ከበረሳ ጀምረን እስከ ጀማ ድልድይ ድረስ በየቦታው እንቀዳለን። ስንት ዓሣ እንዳለ ግን ቆጥሮ አይነግረንም፣ ይህን ከአሁኑ እወቁልን።

ብሩ የሚውለው ለማጣሪያ፣ ለእጅ ፓምፕ፣ ለአልኮል፣ ለጓንት፣ እስከ ጀማ በረሃ ለመኪና ነው። ጓንቱ ቀልድ አይደለም፣ ትናንት ዓሣ የበላ ሰው እጁን ቢነክርበት ናሙናው ተበላሸ ማለት ነው። ዋናውን ወጪ የሚበላው የላብራቶሪው ንባብ ነው።

ክረምት ሳይገባ መቅዳት አለብን። ደራሽ ከመጣ ውሃው ጭቃ ነው፣ ማጣሪያውም ወዲያው ይደፈናል።

50 ብርም ብትሆን አትናቋት። ብር የሌላችሁ መኪና ካላችሁ እስከ ዓለም ከተማ አድርሱን፣ የበረዶ ሳጥን አውሱን፣ ጀማ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ አባቶችን አገናኙን። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን። የእያንዳንዱን ግዢ ደረሰኝ እዚሁ እንለጥፋለን።