ለሐይቅ ደግሞ ምን መብራት ያስፈልገዋል ላሉኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ «ሃ? ምን አልሽ?» እያሉኝ ግማሹ ጨዋታ ስለሚቀርብን፣ የአክስቴ ልጅ ነገ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ በእጁ ልላክ ብዬ ነው የምጽፍልዎ። ፊደሉን ያተለቅሁት ለዓይንዎ ብዬ ነው።

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ወንድሜ ዘንድ ሳለሁ ሐይቅ ዳር ያለ የመብራት ማማ ላይ ነገ ልንሄድ ነው ስልዎ «ለሐይቅ ደግሞ ምን መብራት ያስፈልገዋል? ታንኳ ሊያስገቡበት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ምጽዋ የኖረ ባሕረኛ እንዲህ ቢል አልፈርድም። ግን አባባ፣ ሱፒሪየር የሚባለው ያ ሐይቅ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ20 በላይ ጣና ይውጣል። ጥልቀቱም እስከ 406 ሜትር ይደርሳል። ማዶው አይታይም። ማዕበሉ አለቱን ሲደበድበው ሰምተው ቢሆን ኖሮ ጨው የሌለው ባሕር ነው ይሉኝ ነበር።

ቦታው ስፕሊት ሮክ ይባላል። ማማው ራሱ 16 ሜትር ቢሆን ነው፤ ቁመቱን ያበደረው ከሥሩ ያለው የ40 ሜትር ገደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በኅዳር ወር የተነሣ ማዕበል ሃያ ዘጠኝ ያህል መርከቦችን ጎድቶ፣ አንዳንዱንም ሰባብሮ ሄደ። የብረት ማዕድን ጫኝ ኩባንያዎች አቤት አሉ፣ መንግሥት ገንዘብ መደበ፣ በ1910 በራ። መንገድ ስላልነበረ ዕቃው ሁሉ በውኃ መጥቶ በእንፋሎት ክሬን ነው ገደሉን የወጣው። አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ ብዬ ይዤ መጥቻለሁ፦ አካባቢው ብረት ስለሚበዛበት ኮምፓስ ያሳስታል አሉን። ካፒቴኑ ኮምፓሱን ካላመነ ዓይኑን እንጂ ምን ሊያምን ነው?

የመብራቱን መስታወት ግን ቢያዩት! ፓሪስ የተሠራ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ዛጎሎች ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ይመስላል፤ ከ250 በላይ የተጠረቡ መስታወቶች አሉበት። ያ ሁሉ ክብደት ሜርኩሪ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። የሚያዞረው እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት ቀስ እያለ የሚወርድ ክብደት ነው፤ ጠባቂው በየ2 ሰዓቱ ካላጠነጠነው ይቆማል፤ እንቅልፍ የለም ማለት ነው። በየ10 ሰከንዱ አንዴ ብልጭ ይላል። ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ በእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ እያበሩ «እያንዳንዱ የባሕር መብራት የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጠሪና የት እንዳለሽ ንገሪኝ» ይሉኝ ነበር። ብርዱ ጥርሴን እያንቀጫቀጨኝ ቆጠርኩ። አሥር ላይ መጣ።

እ.ኤ.አ. ከ1969 ወዲህ ሥራ አቁሟል። የሚበራውም አልፎ አልፎ ነው፤ ዋናው ቀን በእነሱ ኖቬምበር 10፣ በእኛ ኅዳር 1 ነው፤ እኛም የደረስነው በዚያው ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የምትባል 222 ሜትር የምትረዝም መርከብ 29 ሰው እንደያዘች እዚያው ሐይቅ ውስጥ ሰጠመች፤ አንድም አልተረፈ። ሲመሽ የእያንዳንዱን ስም እየጠሩ ደወል ይመታሉ፤ ሠላሳኛው በአካባቢው ታላላቅ ሐይቆች ሰጥመው ለቀሩት ሁሉ ነው። ከዚያ መብራቱ ይበራል። ወንድሜ በሠላሳኛው ላይ ዞር ብሎ አፍንጫውን ጠረገ። ብርዱ ነው አለ። እኔም ብርዱ ነው አልኩት። ምጽዋ የወደቀችበትን፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1982ን፣ ቤታችን ውስጥ ማንም አንስቶት አያውቅም፤ እርስዎ ከምጽዋ ሲመለሱ ማን እንዳልተመለሰም ጠይቀን አናውቅም።

ትናንት ያቺን አራታችሁ ነጭ ዩኒፎርም ለብሳችሁ ለፈቃድ ስትመጡ የተነሣችኋትን ፎቶ ይዤ ፒያሳ ወጣሁ። ከጊዮርጊስ ወደ ታች ስወርድ ፎቶ ቤቱ የነበረበትን ቦታ በግምት ነው ያገኘሁት፤ ሰፈሩ በ2016 ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ የመንገድ መብራቱም ብዛቱ ለጉድ ነው። ቤቴ ግን ይኸው መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤ ይህን የምጽፈው በሻማ ነው፤ መስመሩ ቢጣመም ይማሩኝ።

ከአራቱ የማውቀው እርስዎን ብቻ ነው፣ በጆሮዎ። የፎቶዋን ቅጂና ባዶ ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አጥፌያለሁ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፉልኝ። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ለልጁ ይንገሩትና ይጻፍልዎ፤ እስኪጨርሱ ይጠብቃል፣ ነግሬዋለሁ።

የጉልበት ቅባቱ በሰማያዊው ፌስታል ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ ይቀቡት፤ «ተሻለኝ» ብለው እንዳያቋርጡ።

ልጅዎ
ከአራዳ፣ አዲስ አበባ