ስለ መንገዱ ገንዘብ እኛም እንናገር

ውድ አባላት፣

ጠዋት በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉት ከማናሳስ ወይም ከጌንስቪል ተነስቶ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ዋሽንግተን ለሚነዳ ሰው ስለ መጨናነቅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የገንዘቡ ነገር ግን ብዙም አይወራም። የቨርጂኒያ የቤንዚን ግብር እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2013 በጋሎን 17.5 ሳንቲም ላይ ተገትሮ ቆየ፤ ሕዝቡም የመንገድ ሥራው ወጪም ሲጨምር ግብሩ ባለበት ቀረ። በ2013 የወጣው ሕግ ለሰሜን ቨርጂኒያ ለትራንስፖርት የሚውል የራሷን ገቢ ፈቀደ፤ ከዚህም 70 ከመቶው ለአካባቢው ትልልቅ የትራንስፖርት ሥራዎች፣ 30 ከመቶው በቀጥታ ለካውንቲዎችና ለከተሞች ይውላል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ይህ 30 ከመቶ ነው፤ ለአውቶቡስ አገልግሎትም ሊውል ይችላል። ሌሊት ሆስፒታል የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሥራ ስትወጡ አውቶቡስ የሚጠፋበትን ሰዓትና ፌርማታውን ጽፋችሁ ላኩልን። በካውንቲው የበጀት ስብሰባ ላይ ማንኛውም ነዋሪ መናገር ይችላል፤ በእንግሊዝኛ መናገር የሚከብደው ካለ አብረነው እንቆማለን።

በ66 ክፍያ በሚጠየቅበት ፈጣን መስመር በአንድ መኪና ሦስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ስትሄዱ ደግሞ የመንገድ ክፍያ የሚቆረጥበትን የኢዚ-ፓስ ፍሌክስ መሣሪያችሁን ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው ለያዘ መኪና የሚሆነው ምልክት) ማዞር አትርሱ፤ ያኔ ክፍያ የለም።

የኮሚቴው ጸሐፊ