ስለ ሲሊካ ዱቄታችን ዋጋና የመረከቢያ ጊዜ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

አስቸኳይ ትዕዛዝ መቀበል ማቆማችንንና ዋጋ መጨመራችንን ካሳወቅን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። የተቆጣችሁ አላችሁ፤ "እንግዲያው ከውጭ እናስመጣለን" ያላችሁንም አላችሁ። ሥራችሁ ስለተጓተተባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አናነሳውም። ለምን እንደማናነሳው በስልክ ተናግሬ የምጨርሰው ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳ።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ "ሲሊካ አሸዋ አይደለም ወይ? አሸዋ ይህን ያህል ያወጣል?" የሚለው ነው። በኬሚካል ስሙ ከአሸዋ አለመለየቱ እውነት ነው። እናንተ ከእኛ የምትገዙት ግን በዱቄቱ ውስጥ ያለውን፣ ለምርምራችሁ መድኃኒትም ሆነ ሌላ ነገር የምትጭኑበትን ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ሲታብ የሚባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ ውሃ የሚሸሸውን ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ውሃ የሚወደውን ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይሰባሰባሉ። ማይሴል የምንለው ይህ ስብስብ ቀጭን ዘንግ ይሆናል፤ ዘንጎቹም ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ቴኦስ የሚባለውን፣ ሲሊካ የሚገኝበትን ፈሳሽ ስንጨምርበት ሲሊካው በዘንጎቹ ዙሪያ ይጠነክራል። በመጨረሻ ሲታቡ ሲወጣ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ አንጥረኛ ቅርጹን በሰም አውጥቶ ሰሙን በእሳት እንደሚያስወጣው ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ስፋት ያላቸው፣ እርስ በርሳቸውም እኩል ናቸው። የአንድ ግራም ዱቄት የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1992 ለዓለም ሲያሳውቁ ኤምሲኤም-41 አሉት። ዛሬ ጎንደር ላይ ይሠራል፤ የሚሠሩትም እዚሁ የተማሩ ልጆች ናቸው። በዚህ እኮራለሁ።

እንግዲህ አስቡት፤ በውድ የምንገዛው ሲታብ እናንተ በምትረከቡት ዕቃ ውስጥ የለም። ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ብዙም የማይርቀው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሲታቡም ቴኦሱም የሚገዛው በዶላር ነው። እኛ ግን ቀድሞ የገዛነው እስኪያልቅ በድሮው ዋጋ ሸጥን። ይህን ያደረግነው ስለምናውቃችሁ ነው፤ አብዛኞቻችሁ ደመወዝተኛ መምህራንና ከኪሳቸው የሚከፍሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናችሁ። አሁን መጋዘኑ ባዶ ሆነ።

ዋናው ጉዳይ ግን ጊዜው ነው። ሲታቡን የምናቃጥልበት ምድጃ ሙቀቱ በደቂቃ አንድ ዲግሪ እየጨመረ 550 ዲግሪ ለመድረስ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ስድስት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ይበርዳል። ሲታቡ መፈራረስ ሲጀምር የተበላሸ ዓሣ የመሰለ ሽታ ይወጣል፤ ጎረቤቶቻችን ታግሠውናል፣ እግዜር ይስጣቸው። በመሀል መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር እናስነሳለን፤ ነዳጅ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ እናንተው ታውቁታላችሁ።

"ታዲያ እሳቱን ጨምሩበትና ቶሎ አድርሱልን" ለምትሉን ያየሁትን ልንገራችሁ። በጥድፊያ የተቃጠለ ትሪ ከላይ ሲታይ እንደ ፊኖ ዱቄት ነጭ ነው። በማንኪያ ስትሰብሩት መሀሉ ቡናማ፣ አንዳንዴም ጥቁር ነው። ያ ያልወጣ ካርቦን ነው፤ ቀዳዳውን ደፍኖት ተቀምጧል። ሙቀቱ በአንድ ቦታ ከልክ ካለፈም የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ይደረመሳል፣ ከዚያ በኋላ በእርግጥም አሸዋ ነው። ተፈጭቶ ዕቃ ውስጥ ከገባ በዓይን ብቻ መለየት ይከብዳል። አንዲት ተማሪ በዚያ ዱቄት ወራት ሙሉ ለክታ የምትጠብቀው ውጤት ሲጠፋባት የምትጠረጥረው ራሷን ነው። እኔ ይህን ልሸጥላት አልችልም።

ከምድጃው በፊት ያለውም ሥራ አይቸኩልም። ሲታብ ከ25 ዲግሪ በታች ሲሆን ከውሃው ተለይቶ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዳችን ሳናሞቀው ከተውነው ጠዋት የምናገኘው ይህንን ነው። ቅልቅሉ በ100 ዲግሪ አንድ ሙሉ ቀን መቆየት አለበት፤ በከተማችን ከፍታ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ግን በተከፈተ ድስት አይሆንም፣ ግፊት የሚችል የታሸገ ዕቃ ይፈልጋል። እጣቢውስ? ሲታብ ለዓሣ መርዝ ነው። ወደ አንገረብም ሆነ ወደ ቀሃ ወንዝ አንለቀውም። ለይተን እናጠራቅመዋለን፤ ይህም ወጪ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "በአልኮል አጥባችሁ አውጡትና ሲታቡን መልሳችሁ ተጠቀሙበት" ብላችሁ መክራችሁናል። ምክሩ ከዕውቀት የመጣ ስለሆነ አመሰግናለሁ። አሲድ የገባበት ኤታኖል አብዛኛውን ያወጣል፣ በአንድ እጥበት ግን ሁሉንም አያወጣም። በተለይ ባክቴሪያ ላይ የምትሠሩ ልብ በሉ፤ የቀረው ሲታብ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ሲሊካው ላይ የጫናችሁት መድኃኒት የሠራ ይመስላችኋል። በገጹ ላይ ሌላ ሞለኪውል ለምትተክሉ ግን እጥበቱ ከማቃጠል ሊሻል ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ለብቻው በትዕዛዝ እንሠራለን።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ገንዘብ አየሁበት ብዬ አይደለም። የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሳለሁ ከውጭ የታዘዘች ትንሽ ጠርሙስ ጉምሩክ ላይ ስትከርም የተማሪው የጥናት ጊዜ ሲያልቅ አይ ነበር። ከጥርስ ሕክምና የተረፈ አሮጌ ምድጃ ገዝቼ፣ ከቤቴ ጓሮ በተሠራች አንዲት ክፍል ጀመርኩ። ያኔ ማንም ሳያውቀን ያመናችሁን፣ መንገድ ሲዘጋ ዕቃችሁን ሳትነጫነጩ የጠበቃችሁ ሰዎች ዛሬም ደንበኞቻችን ናችሁ። "ተለወጣችሁ" ስትሉኝ ያመመኝም ለዚህ ነው። አልተለወጥንም፤ ያልተለወጥነው እንዲያውም ዱቄቱን ስላላረከስነው ነው።

ደግሞ ሁሉም ሰው የእኛን ዱቄት አይፈልግም። ዕቃ ከእርጥበት ለመጠበቅ ከሆነ ተራው ሲሊካ ጄል ይበቃችኋል፣ በርካሽ ታገኙታላችሁ። ትልልቅ ፕሮቲን ለመጫን ከሆነም የኤምሲኤም-41 ቀዳዳ ይጠብባችኋል። ከማዘዛችሁ በፊት ለምን እንደምትፈልጉት ንገሩን፤ የማይሆናችሁን አንሸጥላችሁም።

እስከዚህ ደብዳቤ ቀን የተመዘገበ ትዕዛዝ በሙሉ በድሮው ዋጋ ይስተናገዳል። ከዛሬ ወዲያ ለሚመጣው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡን። ሰኔ ላይ ጥናታችሁን የምታቀርቡ ተማሪዎች እስከ መጋቢት መጨረሻ ብታስመዘግቡ ቅድሚያ እንሰጣችኋለን፤ ሙሉ ክፍያ የሚከብዳችሁ ግማሹን ከፍላችሁ ቀሪውን ስትረከቡ መክፈል ትችላላችሁ። ከተረከባችሁት ውስጥ ነጭ ያልሆነ ካገኛችሁ መልሱት፣ ያለ ክርክር እንቀይራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ጎንደር