ይድረስ ለወንድሜ ለጌታሁን

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳንጻጻፍ ስንት ዘመን አለፈ! ደብረ ብርሃን ላይ የአይጥ እንቁላል በላቦራቶሪ ማዳቀል ልትጀምር መሆኑን ብሰማ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከወንዱ አይጥ በፊት ኢንኩቤተሩን (ሙቀቱንና ጋዙን የሚጠብቀውን ሣጥን) እይ። መመሪያው ሁሉ 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላል፤ ይህ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። እናንተ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በዚያው 5% ሚዲየሙ (ስፐርሙና እንቁላሉ የሚቆዩበት ፈሳሽ) የሚያገኘው ጋዝ ሲሶ ያህል ይጎድላል፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.4 ያልፋል። ወደ 7% ከፍ አድርገው። ጥቂት ሚዲየም ክዳኑን አላልተህ አሳድርና ጠዋት ፒኤቹን ለካ።

ወንዱ ከ3 እስከ 6 ወር ይሁን፤ ከሴት ለይተህ ቢያንስ 3 ቀን አሳርፈው። ለወራት ከሴት ጋር ያልተገናኘ ወንድ ግን አትውሰድ፤ ያረጀ ስፐርም ያከማቻል። የኤፒዲዲሚሱን (ከቆለጡ ጋር የተያያዘውን የስፐርም ማከማቻ ቱቦ) ጭራ ስታወጣ ስቡንና ደሙን በማጣሪያ ወረቀት ጠርገህ በዘይት ሥር ወዳለው የሚዲየም ጠብታ ስፐርሙን ብቻ አስገባ። በ37 ዲግሪ 1 ሰዓት ሳትነካው ተወው።

ከዚያ ከጠብታው ጠርዝ ቅዳ፤ መሃሉ ላይ የሚቀረው አብዛኛው የማይንቀሳቀስ ነው። የፒፔቱ (የመቅጃ ቱቦው) ጫፍ አፉ ሰፊ ይሁን፣ ቀስ ብለህም ሳብ። የአይጥ ስፐርም ጭራው ከ100 ማይክሮን በላይ ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲሳብ ይጎዳል። እንቁላሉ ባለበት ጠብታ በማይክሮሊትር ከ400 እስከ 800 ስፐርም ይበቃል። የጠዋቱን ብርድማ ታውቀዋለህ፤ ሳህኑም ጫፉም ቀድሞ ካልሞቀ የስፐርሙ ሽፋን ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ ማሞቅ አያድነውም።

የሴቶቹን ነገር ታውቀዋለህ፤ እንቁላሉን ከኤችሲጂ (እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርግ ሆርሞን) መርፌ በኋላ ከ13 እስከ 15 ሰዓት ባለው ጊዜ አውጣ።

በፈሳሽ ናይትሮጅን በርዶ የቆየ የሲ57ቢኤል/6 (በላቦራቶሪ የተለመደ የአይጥ ዝርያ) ስፐርም በተራው ሚዲየም ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ለእሱ 0.75 ሚሊሞላር ሜቲል ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን (ስፐርሙን ለማዳቀል የሚያዘጋጅ ውህድ) ያለበት ሚዲየም ውስጥ 30 ደቂቃ አቆየው፤ ማዳቀያው ጠብታ ላይ ደግሞ 1 ሚሊሞላር ግሉታታዮን ጨምር፣ የእንቁላሉን ልባስ ያላላል።

ውጤቱ ሲያንስ ስፐርሙን ለመውቀስ አትቸኩል። በዚያው ቀን የሁለት ዝርያ ድቅል ወንድ ጎን ለጎን ሞክር፤ እሱም ካልሠራ ችግሩ ሚዲየሙ ወይም እንቁላሉ ነው። ስፐርም ያልነካው እንቁላልም በአንድ ሳህን አስቀምጥ፤ ያረጀ እንቁላል ራሱ ተሰነጣጥቆ ባለሁለት ሕዋስ ፅንስ ይመስላልና፣ ያለዚህ ሳህን በማግስቱ የምትቆጥረውን አላምነውም።

የፒኤቹንና የባለሁለት ሕዋሶቹን ቁጥር ጻፍልኝ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ